ኮንሶሎች በቆዩ ቁጥር መርከሳቸው ለምን ቀረ? የማሻሻያቸው መጪ ጊዜስ ምን ይመስላል?

የቪዲዮ ጌም መጫወቻ መሣሪያ ወይም ኮንሶል ለመግዛት አቅሙ ላልፈቀደለት ሰው ለብዙ ዓመታት አንድ አስተማማኝ መላ ነበር፤ መታገሥ። አዲስ ኮንሶል ገበያ ላይ ሲውል ውድ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ግን ዋጋው ይቀንሳል። ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ መጀመሪያ ከተሸጠበት ዋጋ በግማሽ፣ አንዳንዴም ከግማሽ ባነሰ ይገኛል።

የጃፓኑ ሶኒ ምርት የሆነው ፕሌይስቴሽን 2 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ2000 በአሜሪካ ገበያ በ299 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በ2002 ዋጋው ወደ 199 ዶላር ወረደ። በ2009 ደግሞ 99 ዶላር ሆነ። ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በታሪክ ከፍተኛ ሽያጭ ካስመዘገቡት ኮንሶሎች ፊት ለመሰለፍ የበቃው በዚህ የዋጋ መውረድ ጭምር ነው።

ፕሌይስቴሽን 5 የተጓዘበት መንገድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እአአ በ2020 ዲስክ የሚያጫውተው ሞዴል በአሜሪካ በ499 ዶላር ለገበያ ቀረበ። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ2025 ክረምት፣ ዋጋው ወደ 549 ዶላር ከፍ አለ። የተፎካካሪው ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ደግሞ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጨምሮ ከ499 ወደ 649 ዶላር ደርሷል። አነስተኛው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም ከ299 ወደ 399 ዶላር ከፍ ብሏል።

በሌላ አነጋገር፣ አምስት ዓመት የታገሠ ገዢ ለዚያው መሣሪያ የበለጠ እንዲከፍል ተጠይቋል። ይህ የጥቂት ወራት የገበያ ትኩሳት ብቻ አይደለም። ኮንሶሎች የሚሠሩበት፣ የሚሻሻሉበትና ከአንዱ ተጠቃሚ ወደ ሌላው የሚተላለፉበት መንገድ እየተለወጠ መሆኑን ያሳያል።

‘ማሻሻያ’ ሲባል ምን ማለት ነው?

የግል ኮምፒውተር ያለው ሰው የግራፊክስ ካርዱ ሲያረጅበት ነቅሎ በአዲስ ይተካል፤ ማህደረ ትውስታም ይጨምራል። ኮንሶል ግን በዚህ መንገድ አይሻሻልም። የስሌቱንና የሥዕሉን ሥራ የሚያከናውኑት ክፍሎች በአንድ ቺፕ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ማህደረ ትውስታው ከሰሌዳው ጋር ተበይዷል። የኃይል አቅርቦቱና ማቀዝቀዣው የተመጠኑትም ለዚያው ቺፕ ነው።

ይህ አሠራር ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጌም ሠሪዎች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ያለው መሣሪያ አንድ ዓይነት መሆኑን ስለሚያውቁ፣ አቅሙን እስከ ጥጉ አሟጠው ለመጠቀም ይችላሉ። ተመሳሳይ ዋጋ ያለው ኮምፒውተር የማይሠራውን ሥራ ኮንሶል የሚሠራበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው።

ኮንሶልን ተቀጥላ እየጨመሩ ለማሻሻል የተደረጉ ሙከራዎች አልፎ አልፎ ነበሩ። የጃፓኑ ሴጋ እአአ በ1994 በሜጋ ድራይቭ ኮንሶሉ ላይ የሚሰካ ‘32ኤክስ’ የተሰኘ ተቀጥላ አቀረበ። ነገር ግን ጌም ሠሪዎች ጥቂት ሰዎች ብቻ ለገዙት መሣሪያ መድከም አልፈለጉም፤ ተቀጥላው ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። ኒንቴንዶ በ1998 ለኒንቴንዶ 64 ያቀረበው የማህደረ ትውስታ ማስፋፊያ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል፤ የመሣሪያውን ማህደረ ትውስታ ከ4 ወደ 8 ሜጋባይት አሳድጓል። ይሁን እንጂ ማስፋፊያውን የግድ የሚሹት ጌሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከእነዚህ ልምዶች በኋላ ኩባንያዎቹ ሁለት ዓይነት ማሻሻያ ይዘው ዘለቁ። የመጀመሪያው መሣሪያውን ማቅጠን ነው። ቺፑ ይበልጥ በረቀቀ ዘዴ ሲመረት መጠኑ ያንሳል፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ሙቀቱ ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ ማቀዝቀዣውም ማቀፊያውም ያንሳሉ፤ ዋጋም ይወርዳል። እአአ በ2006 እንደየዓይነቱ በ499 እና በ599 ዶላር የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 3፣ በ2009 በቀጭኑ ሞዴል 299 ዶላር የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው በአንድ ትውልድ አጋማሽ ላይ ጠንከር ያለ ሞዴል ማውጣት ነው። ሶኒ በ2016 ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮን፣ ማይክሮሶፍት በ2017 ኤክስቦክስ ዋን ኤክስን አቅርበዋል። በወቅቱ የሶኒ የጌም ዘርፍ ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ሃውስ ዓላማውን በግልጽ አስረድተው ነበር። የላቀ የምስል ጥራት የሚሹ ተጫዋቾች በትውልዱ አጋማሽ ወደ ኮምፒውተር ስለሚኮበልሉ፣ እነሱን ማቆየት ያስፈልግ ነበር። ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት እንደገለጸው፣ ፕሮ ከወጣ በኋላ ከተሸጡ አምስት ፕሌይስቴሽን 4 አንዱ ፕሮ ነበር።

ያን ጊዜ ታዲያ ፕሮ የቀረበው በ399 ዶላር ነው፤ ይህም መደበኛው ፕሌይስቴሽን 4 ከሦስት ዓመት በፊት ከወጣበት ዋጋ ጋር እኩል ነው። መደበኛው ደግሞ በዚያው ዓመት ወደ 299 ዶላር ወርዷል። ጠንካራውን የፈለገ በቀድሞው ዋጋ ያገኘዋል፤ ርካሹን የፈለገም ይተርፍለታል። በ2024 መገባደጃ የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ግን በ699 ዶላር መጣ፤ ያውም ያለ ዲስክ ማጫወቻ። በቀጣዩ ዓመት 749 ዶላር ገባ። መደበኛውም አልረከሰም።

ዋጋው ለምን አልወርድ አለ?

የመጀመሪያው ምክንያት ከቺፑ ይነሣል። ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ የሆኑት ጎርደን ሙር እአአ በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩ ትራንዚስተሮች ቁጥር በየጊዜው እጥፍ እንደሚሆን ተነበዩ፤ በ1975 ደግሞ ጊዜውን ሁለት ዓመት ብለው አሻሻሉት። ትንበያው ‘የሙር ሕግ’ ተብሎ ለአሥርት ዓመታት የኢንዱስትሪው መመሪያ ሆነ። ትራንዚስተሩ ሲያንስ ዋጋውም አብሮ ያንስ ነበርና።

ዛሬ ትራንዚስተሮቹ ማነሳቸው አልቆመም፤ እነሱን ማሳነሱ ግን ውድ ሆኗል። ረቂቅ ቺፖችን ለማተም የሚያስፈልገውና የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ የሚሠራው ማሽን፣ አንዱ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። የቺፕ ፋብሪካዎች ይህን ወጪ በዋጋቸው ላይ ያክላሉ። በመሆኑም አንድን ቺፕ ወደ ረቀቀ የምርት ዘዴ ማሸጋገር ኃይል ቢቆጥብም፣ እንደ ቀድሞው የዋጋ ቅናሽ አያስገኝም። የኮንሶል ርካሽነት ቆሞበት የነበረው መሠረት እዚህ ላይ ተናግቷል።

ሁለተኛው ምክንያት ማህደረ ትውስታ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ማዕከላት የማህደረ ትውስታ ቺፖችን በገፍ ይፈልጋሉ። ከዓለም ምርት አብዛኛውን የሚሸፍኑት የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን፣ የበለጠ ትርፍ ወደሚያስገኝላቸው ወደዚሁ ገበያ አዘንብለዋል። ማይክሮን በ2025 መጨረሻ ‘ክሩሻል’ በሚለው ስም ለተራ ሸማቾች ያቀርብ የነበረውን ንግድ እንደሚያቆም አስታውቋል። ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት፣ ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ 12 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ አላቸው። የቺፑ ገበያ ሲንር ኮንሶሎቹ የሚያመልጡበት ቀዳዳ የላቸውም።

ሦስተኛው ፖለቲካዊ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2025 በበርካታ አገራት ምርቶች ላይ የጣለው ቀረጥ፣ በእስያ ተመርተው ወደ አሜሪካ የሚገቡ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ነክቷል። ሶኒም ማይክሮሶፍትም ዋጋ ሲጨምሩ በጥቅሉ የጠቀሱት የኢኮኖሚውን ሁኔታ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ የንግዱ ስሌት አለ። ኮንሶል በባሕሪው በኪሳራ ወይም ያለ ትርፍ ተሽጦ፣ ትርፉ ከጌምና ከወርኃዊ ክፍያ የሚሰበሰብበት ዕቃ ነው። የማይክሮሶፍት ኃላፊ በ2021 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርበው በሰጡት የምስክርነት ቃል፣ ኩባንያው ከኤክስቦክስ መሣሪያ ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ ተናግረዋል። ይህ ስሌት የሚያዋጣው የማምረቻው ወጪ ውሎ አድሮ የሚወርድ ከሆነ ነው። ወጪው ካልወረደ ግን ኩባንያው ወይ ኪሳራውን ይሸከማል፤ ወይ ለገዢው ያሸክመዋል።

ያልተሣለውን ምስል መገመት

ጉልበት በርካሽ መጨመር ሲያስቸግር ኩባንያዎቹ ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ መሣሪያው በትንሽ ጉልበት ብዙ የሠራ እንዲመስል ማድረግ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ‘ፉል ኤችዲ’ የሚባለው ምስል ሁለት ሚሊዮን ያህል ፒክስሎች፣ ማለትም ነጥቦች አሉት። ‘ፎርኬ’ የሚባለው ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ገደማ። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ ከተፈለገ፣ መሣሪያው በእያንዳንዷ ሰከንድ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦችን አስልቶ ማቅለም ይኖርበታል። ይህ ከባድ ሸክም ስለሆነ፣ በመደበኛው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ከጥራትና ከፍጥነት አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል። የመሣሪያው ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ ፕሮን ሲያስተዋውቁ እንደገለጹት፣ ከአራት ተጫዋቾች ሦስቱ ያህል ፍጥነትን ይመርጣሉ።

አዲሱ ዘዴ መሣሪያው ጥቂት ነጥቦችን ብቻ እንዲስል ያደርግና የቀሩትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስሞላል። በብዙ ምስሎች የሠለጠነው ሥርዓት፣ ከቀደሙት ምስሎችና ከነገሮች እንቅስቃሴ ተነሥቶ የጎደለው ነጥብ ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ለዚህ ተግባር ‘ፒኤስኤስአር’ የተባለ የራሱ ሥርዓት አለው። በ2025 አጋማሽ በ449 ዶላር ገበያ የገባው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ ‘ዲኤልኤስኤስ’ የተሰኘውን የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ ይጠቀማል። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ጥራት ያለው ምስል ማሳየት እንዲችል ያገዘው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ግምት ግን ግምት ነው። በፍጥነት የሚንቀሳቀሱ ቀጫጭን ነገሮች፣ ቅጠልና ሣር፣ የፀጉር ዘለላ አልፎ አልፎ ይብረቀረቃሉ ወይም ይደበዝዛሉ። ጥቅሙ ሥርዓቱ በሶፍትዌር ሊታደስ መቻሉ ነው፤ የተሸጠ ቺፕ አይለወጥም፤ የሚገምትበት ሥልት ግን ይሻሻላል። ስለዚህ ወደፊት ‘ማሻሻያ’ ከፊሉ አዲስ ሣጥን ሳይሆን በኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል ሊሆን ይችላል።

አሮጌው መሣሪያ ለምን አልሞት አለ?

የአዲስ ኮንሶል አቅም የሚወሰነው በራሱ ብቻ አይደለም። ጌም ሠሪዎች ብዙ ገዢ ለማግኘት ሲሉ ደካማውንም መሣሪያ ማስተናገድ አለባቸው።

‘ባልደርስ ጌት 3’ የተባለው ጌም በ2023 ለፕሌይስቴሽን 5 ቀድሞ ወጥቶ ለኤክስቦክስ የዘገየው ለዚህ ነበር። አነስተኛው ሲሪስ ኤስ ያለው ማህደረ ትውስታ 10 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ስክሪን ለሁለት ተካፍለው የሚጫወቱበትን ክፍል መሸከም አቃተው። ማይክሮሶፍት በሁለቱ መሣሪያዎቹ መካከል ልዩነት እንዳይኖር ያስቀመጠውን ደንብ ካላላ በኋላ፣ ጌሙ ያለዚያ ክፍል ለሲሪስ ኤስ ቀረበ።

እአአ በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4ም እንዲሁ ከመድረኩ አልወረደም። ሶኒ በ2024 ባቀረበው መረጃ፣ በየወሩ ከሚጫወቱ ደንበኞቹ ግማሽ ያህሉ አሁንም በዚህ መሣሪያ ላይ ነበሩ። ‘ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 26’ የተባለው የእግር ኳስ ጌም በ2025 ለእርሱም ወጥቷል። በጉጉት የሚጠበቀው ‘ግራንድ ቴፍት አውቶ 6’ ግን ይፋ የተደረገው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው።

ዲስክ ሲጠፋ የሚጎዳው ማን ነው?

ይህ ጉዳይ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክብደት አለው። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ ብዙ ወጣቶች ከኮንሶል ጋር የሚተዋወቁት በየሠፈሩ ባሉ የፕሌይስቴሽን ማጫወቻ ቤቶች ነው። ደንበኛው በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፍላል፤ አንድ መሣሪያ በቀን ብዙ እጆች ይፈራረቁበታል። መሣሪያዎቹ ብዙውን ጊዜ ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በነጋዴና በመንገደኛ የሚመጡ ናቸው፤ ያገለገሉትም ጥቂት አይደሉም።

ይህ ሰንሰለት የቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ሀብታም አገር ያለ ተጫዋች አዲስ ሲገዛ አሮጌውን መሸጡ ነው። አዲሱ እየተወደደ ሲሄድ ሰው የያዘውን ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል፤ ያገለገለውም ዋጋ አብሮ ይወጣል። በኢትዮጵያ የምንዛሪ ለውጡ ተጨማሪ ጫና ሆኗል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ያልጨመረ መሣሪያ እንኳ በብር እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዲስክ ነው። ዲስክ ይሸጣል፤ ይለወጣል፤ ይዋሳል። ከኢንተርኔት የተገዛ ጌም ግን ከአንድ ሰው አካውንት ጋር የተሳሰረ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ያለ ዲስክ ማጫወቻ የሚሸጥ ሲሆን፣ ማጫወቻው ለብቻው በአሜሪካ 79 ዶላር ያህል ያስወጣል። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ከነጭራሹ ዲስክ አያውቅም። ለስዊች 2 ከሚሸጡ ካርዶች መካከልም ጌሙን ሳይሆን የማውረጃ ቁልፉን ብቻ የያዙ አሉ።

ግዙፍ ጌሞች ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚመዝኑ፣ ኢንተርኔት ውድ ወይም ዘገምተኛ በሆነበት ቦታ ማውረዱ ራሱ ወጪ ነው። በዚያ ላይ የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት በይፋ ከሚሰጥባቸው አገራት ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ ቀንድ አገራት የሉም። በመሆኑም ተጠቃሚዎች የሌላ አገር አካውንት ለመክፈት ይገደዳሉ። ጉዳዩ በ2024 ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሶኒ ‘ሄልዳይቨርስ 2’ የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲኖራቸው ለማስገደድ ሲሞክር፣ ጌሙ አገልግሎቱ ከሌለባቸው ከ170 በላይ አገራትና ግዛቶች ሽያጭ ታገደ። ኩባንያው ከተቃውሞ በኋላ ግዴታውን አንሥቷል።

ቀጣዩ ምን ይሆናል?

ኩባንያዎቹ አዲስ ትውልድ ኮንሶል ማዘጋጀታቸውን አልደበቁም። ማይክሮሶፍት በ2025 አጋማሽ ለቀጣዩ ኤክስቦክስ ቺፕ ከኤኤምዲ ጋር በጋራ እንደሚሠራ አስታውቋል። ሶኒም ከዚሁ ኩባንያ ጋር ‘አሜቲስት’ የተሰኘ ፕሮጀክት አለው። ማርክ ሰርኒ በ2025 መገባደጃ ከኤኤምዲ ኃላፊ ጋር ሆነው ባቀረቡት ማብራሪያ፣ የቴክኖሎጂው ፍሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚመጣ ኮንሶል ላይ እንዲታይ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። ትኩረቱም የቺፑን ግዝፈት ከመጨመር ይልቅ በኤአይ መገመት፣ የብርሃንን ጉዞ በተሻለ መንገድ ማስላትና መረጃን አምቆ ማህደረ ትውስታን መቆጠብ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኮንሶልንና ኮምፒውተርን የሚለየውን ድንበር ማፍረስ ነው። በ2025 የወጣው ‘ሮግ ኤክስቦክስ አላይ’ የኤክስቦክስ ስም ቢይዝም በዊንዶውስ የሚሠራ በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር ነው፤ ጠንካራው ሞዴሉ ገበያ ሲገባ 999 ዶላር ያወጣ ነበር። ቫልቭም ‘ስቲም ማሽን’ የተባለ፣ ሳሎን የሚቀመጥ የጌም ኮምፒውተር ይፋ አድርጓል። ይህ መንገድ ምርጫን ያሰፋል፤ መሣሪያን በኪሳራ የመሸጥን ልማድ ግን አያበረታታም።

ሦስተኛው መንገድ መሣሪያውን ከቤት አውጥቶ ጌሙን ከሩቅ ማዕከል በኢንተርኔት ማስተላለፍ ነው። ጉግል በዚህ ዘዴ በ2019 የጀመረው ‘ስታዲያ’ በ2023 መጀመሪያ ተዘግቷል። ዘዴው የተጫዋቹ ትእዛዝ ማዕከሉ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ቅጽበት ማሳጠርን ስለሚጠይቅ፣ ማዕከሉ በቅርብ ለሌለበት አካባቢ ለጊዜው መፍትሔ አይሆንም።

ከሦስቱ መንገዶች የቱም ቢያሸንፍ፣ እንደ ፕሌይስቴሽን 2 ዘመን በ299 ጀምሮ በ99 ዶላር የሚያበቃ መሣሪያ ለማቅረብ ቃል የገባ ኩባንያ የለም። ለገዢው የሚቀሩት ጥያቄዎች ታዲያ ከጉልበት ይልቅ ወደ ዕድሜ ያዘነብላሉ፤ መሣሪያው ዲስክ ያጫውታል ወይ? ማከማቻው ሊሰፋ ይችላል ወይ? ለስንት ዓመት አዳዲስ ጌሞች ይወጡለታል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ፣ አንድ ኮንሶል ከመጀመሪያው ባለቤቱ ሳሎን ወጥቶ የአንድ ሠፈር ወጣቶች መገናኛ ሆኖ ለመቆየት መብቃት አለመብቃቱን ይወስናል።